ሞጣ ስትመልስ ነበር

ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ጥፋቱን መጀመሪያ ሌላው ላይ ይከምራል፤ መጨረሻ ላይ «እኔም ብሆን» ብሎ ትንሿን ለራሱ ያስቀራል። እኔ ከራሴ ልጀምር። አንዲት የሳሙና ማስቀመጫ ከቦታዋ አነሣሁና ሳልመልሳት ቀረሁ። ነገሩ ይኸው ነው። በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ፤ ግን እንዲህ ባጭሩ ሲነገር ሰው የሚገድል ጥፋት አይመስልም።

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ኤልያስ ነው፤ ቢቸና የመጣሁት ለሥራ ነው። አንዲት የበጎ አድራጎት ማኅበር በከፈታት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ የሕክምና ዕቃ ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመርፌ መቀቀያው፣ የሕፃናት ሚዛኑ፣ ጀነሬተሩ፣ ሁሉም በእጄ ነው። ጀነሬተሩ እምቢ ሲል ጎረቤት ያለ ወንድ ሁሉ ተጠርቶ ይመጣል፤ ገመዱን ይጎትታል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ «ይኼ አርጅቷል» ብሎ ይሄዳል። ከዚያ እኔ አስነሣዋለሁ። ያስነሣሁ ቀን ደግሞ ለሰው ሳልነግር አላድርም። ኩራቴ ከደመወዜ ይበልጥ ነበር።

ስልክ ከጠፋ ወራት አልፈው ነበር። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ምጥ የጠናባትን ሴት በቀዶ ሕክምና የሚያዋልድ ሐኪም በዚያ ሰሞን በቅርብ የምናገኘው ሞጣ፣ በእህት ክሊኒካችን ውስጥ ነበር። እሱም አንዳንዴ ወደ ባሕር ዳር ይጠራል። እሱ ከሌለ በሽተኛ የሚላከው ወደ ደብረ ማርቆስ ነው። ችግሩ ሁለቱ መንገዶች ጀርባና ጀርባ መሆናቸው ነው፤ ሞጣ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ላይ፣ ማርቆስ በደጀን በኩል ዞሮ። በአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው መመለስ ቀኑን ይበላል፤ በምጥ የተያዘች ሴት ደግሞ የምታባክነው ቀን የላትም። ስለዚህ የክሊኒኳ ኃላፊ ሲስተር የሺ እንዲህ ያለች ሴት ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ሐኪሙ ዛሬ የት ነው?» ብላ ነበር።

ይህን የሚመልስልን አንድ ሬዲዮ ነው። ከእኛ ጋር የሠራ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነበር፤ ማታ ማታ በአማተር ሬዲዮ ከዓለም ዳር ካሉ ሰዎች ጋር ማውራት ይወዳል። ሲሄድ ትልቁን ሬዲዮ ለእኛ፣ ትንሹን ለሞጣ ትቶ ሄደ። ፈቃዱም ወጣለት። በበጋ ሬዲዮው ብቻውን ሞጣ ይደርሳል። ክረምት ገብቶ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ግን ድምፃችን በመብረቁ ጩኸት ይዋጣል። ለዚህ ጊዜ ድምፃችንን የሚያጎላ አምፕሊፋየር ነበረው፤ ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ብርጭቆዎች ያሉት፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው የድሮ ብረት። «በሬው» ነበር የምንለው። ስሙን ያወጡለት ጋሽ ልየው ናቸው።

ጋሽ ልየው ጡረታ የወጡ የቀበሌ ጸሐፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ስለነበር አፋቸው ቃል አይቸግረውም፤ ድምፃቸውም ጥርት ያለ ነው። ሬዲዮው ላይ የተቀመጡት በዚህ ነው። ሞጣ በኩል ያለው ደግሞ ሰይድ የሚባል ወጣት ነርስ ነበር። አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም፤ ቤተሰባቸውን ግን ይተዋወቁ ነበር።

«ሞጣ፣ ሞጣ፣ እንዴት አደርክ ሰይድ?» ይላሉ ጋሽ ልየው። የመናገሪያውን ቁልፍ ይለቃሉ።

«አልሐምዱሊላህ፤ እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህ ጉልበታቸው ተሻላቸው?» ይለቃሉ።

«ተሻላቸው፤ ሰላም ብለዎታል።»

«እሰይ። እህትህስ? ወለደች?» ይለቃሉ።

ስለ ሐኪሙ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እቃጠላለሁ።

«ጋሼ፣ ምናለ ሰላምታውን በአንድ ትንፋሽ ቢጨርሱት?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው እንዴት አደርክ ሳይባል ዘው ተብሎ ጉዳይ ይጠየቃል? በሬ እንኳ ሲጠመድ በስሙ ይጠራል።»

የምቃጠለው ስለ ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ሪሌ የምትባል ጥፍር የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ለመናገር ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ትዘጋና አምፕሊፋየሩን «ተነሣ» ትለዋለች፤ እሱም «ቀጭ» ብሎ ይነሣል፤ ሲለቀቅ ትከፈትና «ተኛ» ትለዋለች። ደካማ ናት። አምፕሊፋየሩ ደግሞ የድሮ ስለሆነ በዚያች ቀጭን ሽቦ በኩል የሚመጣው ኤሌክትሪክ ለእሷ ይከብዳታል። በተከፈተችና በተዘጋች ቁጥር ውስጧ ብልጭ ይላል፤ ትንሽ ትቃጠላለች። ሐኪሙ ሲሄድ ደጋግሞ የነገረኝ ይህንን ነው፤ «እነዚህን ሁለቱን በቀጥታ እንዳታገናኚ። በመካከላቸው ጉልበት ያላት ሌላ ሪሌ አስገቢ፤ ትንሿ ትልቋን ትዘዝ፣ ሸክሙን ትልቋ ትሸከም።»

ሠራኋት። ከተበላሸ ቮልቴጅ ማረጋጊያ ጠንካራ ሪሌ ፈትቼ፣ ብልጭታውን የምታበርድ ዳዮድ ጨምሬ፣ ሁሉንም ክዳን ባለው አረንጓዴ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ ሳጥን አልነበረኝም። ጋሽ ልየው ቀኑን ሙሉ ቢያወሩ ሬዲዮው ምንም አይሆንም ነበር።

አንድ ቀን ከዞን እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። እንግዳ ሲመጣ መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ግድግዳ ይቀባል፣ የማይሠራው ሁሉ ከማይታይበት ይደበቃል፣ መጋረጃ ይታጠባል። ሲስተር የሺ ሬዲዮው ክፍል ገብታ ጠረጴዛውን አየችና ፊቷን ቋጠረች።

«እቴነሽ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«የሬዲዮው መከላከያ ናት።»

«የሳሙና ዕቃ እኮ ናት። ፎቶ ይነሣሉ። ለዛሬ ብቻ አንሺልኝ።»

መከራከር እችል ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር እኔም አፍሬባት ነበር። አነሣኋት፤ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘሁ፣ ሽቦዎቹንም በጠረጴዛው ጠርዝ አሳምሬ ሰበሰብኳቸው። ከእንግዶቹ አንዱ መሐንዲስ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየና «ይኼን ማን ሠራው? ንጹሕ ሥራ ነው» አለ። ሲስተር ወደ እኔ ጠቆመች። ሰውዬው እጄን ጨበጠኝ።

እንግዶቹ ሄዱ። ማስቀመጫዋን ልመልስ እጄ ላይ ይዣት ቆምኩ። ያን ንጹሕ ጠረጴዛ ሳየው አላስችል አለኝ። ያለሷም እየሠራ ነው አልኩ፤ የተሻለ ሳጥን ሳገኝ እመልሳታለሁ አልኩና መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። ሚያዝያ ነበር። ሐምሌ እስኪገባ ድረስ መሳቢያውን አልከፈትኩትም።

ሐምሌ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ፈንታሁን የሚባል ልብስ ሰፊ ሚስቱን በባጃጅ ይዞ መጣ። አስካለ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አምጣለች። ሲስተር የሺ መረመረቻትና ወጥታ «በዚህ አትወልድም፤ መቀደድ አለባት» አለች። የክሊኒኳን መኪና አስነሡ ተባለ። ጋሽ ልየውም ሬዲዮው ፊት ተቀመጡ።

እኔ በሚቀጥለው ክፍል መቀቀያውን ፈታትቼ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሰማለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዚያን ቀን ጋሽ ልየው ሰላምታ የሚባል አላነሡም።

«ሞጣ፣ ሞጣ፣ ቢቸና ነኝ። የጠናባት ወላድ አለችን። ሐኪሙ አለ ወይ?»

ዝም።

«ሞጣ፣ ሰይድ፣ ሐኪሙ አለ ወይ? ልንልካት ነው።»

የሚሰማው የሬዲዮው «ሽሽሽ» ብቻ ነው። አስር ጊዜ ያህል ደጋገሙት። ጆሮዬ አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላሰብኩበትም። እጄ ላይ ያለው ብሎን እንዳይወድቅ ነበር የማስበው።

ፈንታሁን ሲስተርን ሲጠይቃት ሰማሁት። «የቱ ይሻለናል ሲስተር?»

«ሐኪሙ ትናንት ሞጣ ነበረ። የሚቀርበውም እሱ ነው። ሬዲዮው በመብረቁ ይሆናል ያልሰሙን። ሂዱ።»

መኪናዋ ወጣች። ጋሽ ልየው መጥራታቸውን አላቆሙም። ብሎኔን አስሬ፣ እጄን ጠርጌ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ወደ እሳቸው ገባሁ።

«መልስ የለም?»

«ድምፅ የለም ልጄ። ሞጣ ምን ነካት?»

ቁልፉን ተጫኑ፤ በሬው «ቀጭ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ሲለቁም ቀጭ አላለም። ጆሮዬ የጎደለው ያ ነበር። የአምፕሊፋየሩን የኃይል መለኪያ መርፌ አየሁ። ማንም ቁልፉን ሳይጫን ወደ ላይ እንደወጣ ቀርቷል። በሬው አልተኛም።

ገብቶኛል። ትንሿ ሪሌ ተቃጥላ ተጣብቃለች። በሬው ሳይተኛ ከቆመ ድምፃችን ይወጣል፤ የሚመጣውን ግን ይዘጋዋል። እኛ እንናገራለን፣ አንሰማም። የተናገርነው ሁሉ ሞጣ ደርሷል። ሁለቱን የምታገናኘውን ሽቦ ነቀልኩ። በሬው «ቀጭ» ብሎ ተኛ፤ የሰይድ ድምፅም ሻክሮ ክፍሉን ሞላው።

«...አትላኳት። ሐኪሙ ባሕር ዳር ነው። ወደ ማርቆስ ውሰዷት። ቢቸና፣ እየሰማኋችሁ ነው፤ ለምን አትሰሙኝም? ጋሽ ልየው፣ ስለ ፈጣሪ፣ አትላኳት።»

ጋሽ ልየው ቁልፉን ተጫኑ። «ልከናታል» አሉት። በሬው ስለተነቀለ ሰይድ ይህንን እንኳ አልሰማም፤ «አትላኳት» ማለቱን ቀጠለ።

የክትባት ሠራተኛው ሞተር ግቢው ውስጥ ነበር። ቁልፉን ተቀብዬ ወጣሁ። መኪናዋ ያለችው ደብረ ወርቅ ሳትደርስ ይሆናል፣ ጭቃው ይይዛታል፣ እደርስባታለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ሻይ ቤት በር የቆመ ሰው «አሁን አለፈች» አለኝ። አሁን ሲል መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ጉልበቴ ደምቶ፣ ዝናቡ ዓይኔን እየመታኝ፣ አንድ ነገር ብቻ እያሰብኩ ነዳሁ፤ መሳቢያው ውስጥ ያለችውን።

መኪናዋን ያገኘኋት ሞጣ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ነው። ሰይድ ውጭ ነበር። ጋውኑ ረጥቧል። «ስነግራችሁ ነበር እኮ» አለኝ፤ አልተቆጣም፤ የሚለምን ነበር የሚመስለው። ወደ ኋላ ተመልሶ ማርቆስ መግባት አይታሰብም። ወደ ባሕር ዳር ይዘዋት ወጡ። አዴት ሳይደርሱ አስካለም ልጇም አለፉ።

በሳምንቱ ማኅበሩ ሦስት ሰዎች ልኮ ጉዳዩን አጣራ። እኔ ሬዲዮውን ከፍቼ ሪሌዋን አሳየኋቸው። ጠቁራ ነበር።

«ምንድን ነው ያቃጠላት?» አለኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

የሳሙና ማስቀመጫዋን በዋዜማው ቤቴ ወስጄ ደብቄያታለሁ። ይህን ያደረግኩት ሳላስብ ነው ብላችሁ ትዋሹልኝ ይሆናል። አስቤበት ነው።

«ብዙ ጊዜ ተጭናለች» አልኩ።

«ብዙ ስትይ?»

«በየንግግሩ። ሰላምታውም አለ፤ በያንዳንዱ ሰላምታ ትጫናለች።»

ውሸት አልነበረም። ለዚህ ነው የከፋው። ሰብሳቢው ወደ ጋሽ ልየው ዞረ። ጋሽ ልየው ካባቸውን ሰብስበው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ልጅቱ አሳጥሩ ትለኝ ነበር» አሉ። «ብዙ ጊዜ ብላኛለች። እኔ ነኝ እንግዲህ።»

ሲስተር የሺ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሰውም ለልፋቴ አዘነልኝ። ጋሽ ልየው በዚያው ከሥራ ተሰናበቱ። በማግስቱ አዲስ ሪሌ ተክዬ የሳሙና ማስቀመጫዋን መለስኳት። «ችግሩ እንዳይደገም መፍትሔ ፈለሰፈች» ተብዬ ከማኅበሩ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው አሁንም አለኝ፤ ቀድጄ መጣሉ እንኳ የሆነ ንጽሕና ያለው ሰው ሥራ ስለሚመስለኝ አልጣልኩትም።

ፈንታሁን ከአርባው በኋላ ወደ ክሊኒኩ መጥቶ ነበር። «በዚያ ጭቃ በሞተር የተከተልሽን አንቺ ነሽ አሉ» አለኝ። «እግዜር ይስጥሽ። ሰው የሚባለው እንዳንቺ ነው።» ከዚያ ልኬን ወስዶ የሥራ ጋውን ሰፋልኝ። ለብሼዋለሁ። ጋሽ ልየውን ግን መንገድ ላይ ሲያያቸው ፊቱን ያዞራል። እሳቸውም አልወቀሱትም። ሰው ባዩ ቁጥር የማይጠይቁት ዘመድ ያልነበራቸው ሰው አንገታቸውን ደፍተው፣ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ብቻ ማለፍ ጀመሩ። «እንዴት ዋሉ ጋሼ?» የሚላቸውን ሰው የሚያስቀይሙት ይመስል ይሸሹት ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ስልክ ተመለሰ፤ ሬዲዮውን የሚፈልገው አጣ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አላስችል ሲለኝ ቤታቸው ሄድኩ። አጥራቸውን እየጠገኑ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሐኪሙ ያለኝን፣ እንግዶቹን፣ መሳቢያውን፣ ቤቴ የደበቅሁትን። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። እጃቸው ላይ የያዙትን ልጥ ቋጠሩና መሬት አስቀመጡት።

«እኔ ስለተናገርኩ አይደለማ የተቃጠለው?»

«ማስቀመጫዋ ብትኖር ኖሮ አስር ዓመት ቢናገሩም ምንም አይሆንም ነበር ጋሼ።»

ልጡን አንሥተው አንዷን የአጥር እንጨት አሰሩ። ከዚያ «ፈንታሁን ያውቃል?» አሉኝ።

«አያውቅም።»

«ሲስተር የሺ?»

«አታውቅም፤ እንግዶቹ እንደሄዱ የመለስኳት ይመስላታል።»

«ለኔ ብቻ ነው የነገርሽኝ?»

«እርስዎን ስለበደልኩ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ከቤት ስትወጪም ይቅር እንደምልሽ ታውቂ ነበር። ሽማግሌ ነኝ፣ ምንም አላደርግሽም። የሚከፈትልሽን በር መርጠሽ ነው ያንኳኳሽው ልጄ። ሚስቱ የሞተችበት ግን እኔ አይደለሁም። ወደ እሱ ሂጂ።»

ከዚያው ተነሥቼ ወደ ገበያው ወረድኩ። ፈንታሁን የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ነበር። ሲያየኝ ተነሥቶ በርጩማውን አቀረበልኝ። «ጋውንሽ ምን ሆነ?» አለኝ። አፌን ከፍቼ «ቁልፉ ላልቷል» አልኩት። አጠበቀልኝ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጥኩት ምንድን ነው ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ሥራ ላይ ጠንቃቃ ሆኛለሁ። አስቀያሚ ዕቃ አያሳፍረኝም፤ እንግዳ ሲመጣም ከጠረጴዛዬ አንድ ነገር አላነሣም፤ በዚህም ከሁለት አለቆች ጋር ተጣልቻለሁ። ይህ ግን ማንም ሊማረው የሚችል ነገር ነው፤ ለዚህ ሰው መሞት አልነበረበትም። ስለ ራሴ ያወቅሁት ሌላ ነው። ሰዎች «ቸልተኛ ነበርኩ» ሲሉ ስሰማ አላምናቸውም። እኔ ቸልተኛ አልነበርኩም። ሊቃጠል እንደሚችል አውቅ ነበር፤ ንጹሕ የተባለው ጠረጴዛዬ ስለጣመኝ ነው የተውኩት። በኋላም ማን እንደሚጎዳ አውቅ ነበር፤ ክብሬ ስለጣመኝ ነው የደበቅሁት።

አሁን ደግሞ ለእናንተ ነገርኳችሁ። ስታነቡ «ምን ዓይነት ደፋር ናት» የሚለኝ አይጠፋም። አትበሉኝ። እናንተም እንደ ጋሽ ልየው ምንም የማታደርጉኝ ሰዎች ናችሁ። ፈንታሁን ቢቸና ገበያ አጠገብ አሁንም ይሰፋል፤ ማንበብም ይወዳል፤ ይህን አንብቦ ስለ እሱ መሆኑን እንዳያውቅ የሰዎቹን ስም ሁሉ ለውጫለሁ። የእሱን ሐዘን ላለመቀስቀስ ነው እላለሁ። መጀመሪያ የለወጥኩት ግን የራሴን ስም ነው።